ጊኒ ፒጋችን ስትሸና ትጮኻለች፤ በመድኃኒት ይሻላትና ተመልሶ ይመጣል (ደሴ)

የጦሳ_ጉም (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ጉሬዛ የምትባል ሴት ጊኒ ፒግ (ጅራት የሌላት፣ ትልቅ አይጥ የምትመስል የቤት እንስሳ) አለችን። ስሙ ከመልኳ ነው፣ ጥቁርና ነጭ ናት። ሦስት ዓመት አልፏታል፣ ክብደቷ 900 ግራም አካባቢ ነው። ከእህቷ ጋር አንድ ቤት ነው የሚኖሩት። እህቷ ምንም አልሆነችም። ጉሬዛ ግን ከክረምቱ መጨረሻ ጀምሮ ሽንቷን ስትሸና ሲጥ ሲጥ ትላለች። ጀርባዋን ጉብጥ አድርጋ ትቆማለች። ጠብ ጠብ አድርጋ ትተወዋለች፣ ከዚያ ወዲያው እንደገና ትሞክራለች። አንዳንድ ቀን ነጩ ጨርቅ ላይ ሮዝ ነጠብጣብ አያለሁ።

እዚህ ከተማ ያለ የእንስሳት ክሊኒክ ወስጃት ኮትሪሞክሳዞል የሚባል የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ታዘዘላት። ደህና ሆነች፣ ደስ አለን። ከዚያ ተመለሰባት። ያንኑ ሽሮፕ ወሰደች፣ ተሻላት፣ አሁንም ተመለሰ። ነገሩ እንዲህ እየተሽከረከረ ነው። ፋርማሲ የሚሠራ ዘመዳችን ደግሞ «ጀርሙ ለምዶታል፣ አሞክሳሲሊን ስጫት» ብሎ አንድ ጠርሙስ አምጥቶልኛል። ከመስጠቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ ብዬ ነው።

ሽንቷን የሰው ላብራቶሪ ወስጄ አሳይቻለሁ። ወረቀቱ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 9፣ ክሪስታል ብዙ፣ ቀይ የደም ሴል አለ ይላል። ያየው ልጅ «ኢንፌክሽን ነው» አለኝ።

ጊኒ ፒግ የሚያሳድግ ካለ እባካችሁ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ወሎዬ

እህቴ፣ አሞክሳሲሊኑን እንዳትሰጫት! ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን። መጀመሪያ ጠርሙሱን ከእሷ አርቂው።

እኔ እዚህ ሜሪላንድ ጊኒ ፒግ አሳድጋለሁ። እዚህ ሰው የሚማረው የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነው። ለሰው ልጅ ምንም የማይል መድኃኒት እነሱን ይገድላል።

እውነቱን_ልናገር

ለአይጥ የሽንት ምርመራ? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ።

ራያ_ቆቦ

ጠባ እኮ፣ ጥቅምት ገባ። ወንድሜ ካልጠቀመህ እለፈው፣ ሰው የቤቱን እንስሳ ቢያሳክም ምንህ ተነካ?

እህቴ አብሽሪ። ዶክተር ቃሉ እዚህ መድረክ ላይ አሉ፣ በበጎቼ ጉዳይ ብዙ ረድተውኛል። ዶክተር፣ ካዩት ይምጡልን።

ዶ/ር_ቃሉ (ኮምቦልቻ)

መጥቻለሁ። ውሎዬ ከብት፣ በግና ግመል ነው። የቤት ጊኒ ፒግ በዓመት ጥቂት ነው የሚመጣልኝ። ግን የዚህችኛዋ ነገር የታወቀ ነው፣ የማውቀውን ልበል።

ከመድኃኒቱ ልጀምር። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ፔኒሲሊን፣ ሊንኮማይሲን፣ ክሊንዳማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን። እነዚህ በአፍ ሲሰጡ ጊኒ ፒግ አንጀት ውስጥ የሚኖሩትን ደጋግ ባክቴሪያዎች ይጨርሷቸዋል። ባዶውን ቦታ መርዝ የሚያመነጩት ክሎስትሪዲየም የሚባሉት ይይዙታል። እንስሳዋ መብላት ታቆማለች፣ ያስቀምጣታል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ዘመድሽ ክፉ አላሰበም፣ ለሰው ቢሆን የተለመደ መድኃኒት ነው። ለጊኒ ፒግ በአንጻሩ ደህና የሚባሉት ኮትሪሞክሳዞል፣ ኤንሮፍሎክሳሲንና ክሎራምፌኒኮል ናቸው። ክሊኒኩ የመረጠልሽ ትክክል ነበር።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የሰው ላብራቶሪ በሰው መለኪያ ነው የሚያነበው። ፒኤች 9 የሰው ሽንት ላይ ቢታይ ያስደነግጣል። ጤነኛ ጊኒ ፒግ ግን ሽንቷ ከ8 እስከ 9 ነው። ክሪስታሉም እንዲሁ። የሰው አንጀት ሰውነቱ የሚፈልገውን ያህል ካልሲየም መጥኖ ነው የሚወስደው። የጊኒ ፒግ አንጀት እንደዚያ አይመጥንም። የመጣለትን ያስገባል፣ የተረፈውን ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። ለዚህ ነው ሽንታቸው ድፍርስ የሚለው፣ ሲደርቅም ነጭ ዱቄት የሚመስለው። ዱቄቱ በጣት ሲታሽ እንደ አሸዋ ከሻከረ ያኔ እንነጋገራለን።

ስለዚህ ከወረቀቱ ላይ እኔን የሚያሳስበኝ ደሙ ብቻ ነው። ፒኤችና ክሪስታል ኢንፌክሽን አለ አያስብሉም።

አንድ ጥያቄ፦ ምን ትበላለች?

የጦሳ_ጉም

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ዘመዴ በዚህ ተከራክሮኝ ነበር፣ አሁን መልስዎን ልኬለታለሁ።

ምግቧ፦ ጎመን በየቀኑ፣ ትንሽ ካሮት፣ ፉርሽካ። ጎረቤታችን የወተት ላሞች አሉት፣ ለእነሱ የሚያጭደውን አልፋልፋ እየሰጠን ነው። በጣም ትወደዋለች። ድርቆሽ አንዳንዴ ሲገኝ።

ዶ/ር_ቃሉ

አልፋልፋው ለላሞቹ ይመለስ። ለወተት ላም ድንቅ መኖ ነው፣ ለምታድግ ግልገልና ለእርጉዝ ጊኒ ፒግም ይሆናል። ለጎለመሰች ግን ካልሲየሙ ይበዛል። የአገራችን ጎመንም ካልሲየሙ ከፍ ያለ ነው። በሳምንት አንዴ ቅጠል ቢደርሳት ምንም አይደል፣ የዕለት ቀለብ ግን አይሁን። ቆስጣም በየቀኑ አይሆንም፣ እሱ ኦክሳሌት የሚባለው፣ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ጠጠር የሚሠራው ነገር ይበዛበታል።

ዋናው ምግቧ የሣር ድርቆሽ መሆን አለበት። ሌት ተቀን ከፊቷ አይጥፋ። ጥርሷም አንጀቷም በእሱ ነው የሚኖረው። በዚያ ላይ ሰላጣ፣ ኪያር፣ ትልቁ የማያቃጥለው ቃሪያ። ሰላጣውን አጥበሽ ውሃው ሳይራገፍ ስጫት። ውሃ በምግብ መልክ ማስገባት ከጠርሙስ ከማስጠጣት ይቀላል።

ግን ምግብ ቀይረሽ ብቻ አትቀመጪ። ምን እንደሆነ ገና አናውቅም። የሚያሳምማት ከሦስት ነገር አንዱ ሊሆን ይችላል፣ እነሱ ሳይጣሩ «ሥር የሰደደ የፊኛ መቆጣት» ማለት አይቻልም።

አንደኛው ጠጠር ነው። የጊኒ ፒግ ጠጠር አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሲነሳ ግን ከኋላዋ ጫፍ ድረስ ይነሳ በዪ። ሴቶች ላይ ጠጠሩ ብዙ ጊዜ የሽንት ቧንቧው መውጫ ጋ ነው የሚቀረቀረው። ፊኛውን ብቻ ያነሳ ራጅ «የለም» ብሎ ሊያሳስት ይችላል። እዚያ ከተገኘ ደግሞ አንዳንዴ ሆድ ሳይከፈት ይወጣል።

ሁለተኛው እውነተኛ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ነው። ሴቷ የሽንት ቧንቧዋ አጭር ነው፣ ለፊንጢጣም ቅርብ ነው፣ ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ በቀላሉ ይገባል። ይሄ የሚታወቀው በካልቸር ነው፣ ሽንቱ ላብራቶሪ ውስጥ ተቀምጦ ባክቴሪያ ይበቅልበት እንደሆነ ይታያል። ካልቸሩ የሚወሰደው መድኃኒት ሳትወስድ ነው፣ እየወሰደች ከሆነ ባክቴሪያ ቢኖርም ላይበቅል ይችላል። ወለል ላይ የፈሰሰ ሽንት አይረባም፣ የወለሉን ጀርም ነው የሚያበቅለው። ሐኪሙ ከፊኛዋ በቀጥታ በቀጭን መርፌ ቢወስደው ነው የሚታመነው።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ማህፀን። በዚህ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች እንቁላል ማፍሪያ ላይ ውሃ መቋጠር፣ ማህፀን መድማት ያጋጥማቸዋል። ደሙ ከሽንት ጋር ተቀላቅሎ ሲወጣ ከፊኛ የመጣ ይመስላል። አልትራሳውንድ ይለየዋል።

እማማ_ሰኞ_ገበያ

ልጆቼ እኔ ይህችን እንስሳ አላውቃትም፣ ግን የሽንት ሕመም ያው የሽንት ሕመም ነው። የገብስ ውሃ ቀቅለሽ አቀዝቅዘሽ ስጫት። ተልባም ያለሰልሳል። ጤና አዳም ጣል አድርጊበት።

ዶ/ር_ቃሉ

እማማ ምክርዎ ለእኛ ነው የሚሆነው። ለእሷ ጤና አዳሙ ለቡናው ይቅር። ጤና አዳም ማህፀን ያነቃንቃል፣ ሆድም ያስቆጣል። ገብሱና ተልባውም ሆዷን ሊያውከው ይችላል፣ ለዚህች ትንሽ አንጀት ንጹህ ውሃ ይበልጣል።

እማማ_ሰኞ_ገበያ

እሺ ዶክተር፣ የተማረ ይናገር። ለቡናው ከሆነ ግን ጤና አዳም አለኝ፣ ኑ።

ባቲ_ልጅ

ዶክተር እኔ ሁለት ወንዶች አሉኝ። አዲስ አበባ የሸጠልኝ ሰው «የዶሮ መኖ በቂ ነው» ስላለኝ የእንቁላል ጣይ መኖ ነው የምሰጣቸው። ድርቆሽ ሲጨመር ነው። ችግር አለው? እስካሁን ደህና ናቸው።

ዶ/ር_ቃሉ

አለው። የእንቁላል ጣይ መኖ ውስጥ የኖራ ድንጋይ ዱቄት የሚጨመረው ለእንቁላሉ ቅርፊት ነው። ካልሲየሙ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ይደርሳል። የሣር ድርቆሽ ብዙውን ጊዜ ከ1 በመቶ በታች ነው። ልዩነቱን አንተው አስበው። ያ ሁሉ በፊኛቸው በኩል ነው የሚወጣው። ዛሬ ደህና ናቸው ማለት ነገም ደህና ናቸው ማለት አይደለም። ቀስ እያልክ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ድርቆሽ አዙራቸው። ባንድ ጊዜ አትቁረጥባቸው፣ ሆዳቸው ይታወካል።

መኖው ውስጥ ቫይታሚን ሲም የለም። ዶሮ ራሷ ትሠራዋለች። ጊኒ ፒግ ግን እንደ ሰው መሥራት አይችልም፣ በየቀኑ ከምግብ ካላገኘ ድዱ ይደማል፣ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ቁስሉም አይሽርም።

ወልድያ_መሀል

ይቅርታ ክሩን አላበላሽም፣ ግን ከተነሳ አይቀር። የእኔ ወንድ ድመት ነው፣ ከትናንት ጀምሮ አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ ያምጣል፣ ምንም አይወጣም። ያው ሕመም ነው?

ዶ/ር_ቃሉ

ምንም ካልወጣው ይህን እያነበብክ አትቆይ፣ አሁኑኑ ሐኪም ጋ ውሰደው። ወንድ ድመት ቧንቧው ከተዘጋ በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። ለወንድ ጊኒ ፒግም ያው ነው። ጠብ ጠብ ማለትና ጨርሶ አለመውጣት አንድ አይደሉም።

ወልድያ_መሀል

እየሄድኩ ነው።

አባ_ድርቆሽ (ኩታበር)

ድርቆሽ ሲባል እኔ ካልተናገርኩ ማን ይናገር። እህቴ፣ ድርቆሽ ስትገዢ ቀለሙን እዪ። አረንጓዴነቱ ያልጠፋ፣ ሲያሸቱት ሜዳ ሜዳ የሚል ጥሩ ነው። ቢጫ ሆኖ ግንዱ የደነደነ ዘር ጥሎ ከታጨደ ነው፣ ለአልጋ እንጂ ለምግብ ብዙም አይሆንም። ታጭዶ ዝናብ የመታው ደግሞ ውስጡ ይሻግታል። እስሩን ፈታ አድርገሽ እጅሽን መሀሉ ክተቺ። ሞቆ ከጠበቀሽ ወይም አቧራው ካስነጠሰሽ ተይው። ጥሩው የሚገኘው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው፣ አሁን ወቅቱ ነው።

የጤፍ ጭድ ግን ድርቆሽ ነው ብለሽ እንዳትሰጪ። ለጭቃ ቤትና ለበሬ ነው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ወሎዬ

አባ ድርቆሽ ይስቃሉ እንጂ፣ እዚህ አሜሪካ የጤፍ ድርቆሽ ለፈረስና ለጊኒ ፒግ ይሸጣል! በከረጢት ታሽጎ፣ «ጤፍ» ተብሎ ተጽፎበት። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ስቄያለሁ።

አባ_ድርቆሽ

ጤፉን ሳይበሉት?

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ወሎዬ

ፍሬ ሳይዝ በለምለሙ ነው የሚያጭዱት። ስለዚህ አንተ ያልከው ልክ ነው፣ ከአውድማ የወጣው ጭድ ሌላ ነው።

አባ_ድርቆሽ

ፍሬ ሳይዝ? ይሄን ለአባቴ አልነግራቸውም።

የጦሳ_ጉም

ሰላም፣ ጠፋሁ። ዘመድ ልንድር አዲስ አበባ ስንሄድ ጉሬዛንና እህቷን ይዘናቸው ሄድን፣ አንድ የግል የእንስሳት ክሊኒክ ጊኒ ፒግ ያያል ብለው ጠቁመውን ነበር። ዶክተር ያሉኝን ሁሉ ጽፌ ይዤ ነው የሄድኩት።

ራጅ፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተነሳች፣ ጠጠር የለም። አልትራሳውንድ፦ ማህፀኗም እንቁላል ማፍሪያዋም ደህና ነው፣ የፊኛዋ ግድግዳ ግን ወፈር ብሏል። ካልቸር፦ ከፊኛዋ በመርፌ ተወስዶ ምንም አልበቀለም፣ ያኔ መድኃኒት ካቆመች ቆይታለች። ሐኪሟ «ባክቴሪያ የሌለበት የፊኛ መቆጣት ነው፣ አብራችሁት ትኖራላችሁ» አለችን። ሜሎክሲካም የሚባል የሕመም ማስታገሻ ፈሳሽ ሰጠችን።

ጠጠር ባለመሆኑ ደስ ብሎኛል፣ ግን ግራ ገብቶኛል። ባክቴሪያ ከሌለ ያ ሁሉ ኮትሪሞክሳዞል እንዴት ይሠራ ነበር?

ዶ/ር_ቃሉ

የክሩ ዋና ጥያቄ ይሄ ነው፣ ስላነሳሽው ደስ ብሎኛል።

ምናልባት አልሠራም። ይህ ዓይነቱ መቆጣት ይነሳል፣ ይበርዳል፣ ያለ ምንም መድኃኒትም ይበርዳል። በሰው፣ ሴቶች ላይም፣ ድመቶች ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። አንቺ ክሊኒክ የምትሄጂው ሕመሙ ጫፍ ሲደርስ ነው። ጫፍ የደረሰ ነገር ደግሞ ቀጥሎ መውረዱ አይቀርም። በዚያው ሰሞን ሽሮፕ ከጠጣች ምስጋናው ለሽሮፑ ይሄዳል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ «ባለፈው ሠርቶ ነበር» ተብሎ ይደገማል። ከዚያ አልበቃ ሲል ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ ይፈለጋል። በከብትም ይሄንኑ አያለሁ፣ በሰውም ያለ ይመስለኛል።

ጉዳቱ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ነገ እውነተኛ ኢንፌክሽን ቢይዛት የሚሠራ መድኃኒት ትፈልጊያለሽ። በየጊዜው ካባከንሽው አይኖርሽም።

ስለዚህ ሕመሙ ሲነሳ የሚያስፈልጋት ሁለት ነገር ነው፣ የሕመም ማስታገሻና ውሃ። ሜሎክሲካሙ የታዘዘልሽን ልክ ብቻ ስጪ። የሰው ኪኒን ቆርሰሽ እንዳትሞክሪ። ትንሹ የሰው ኪኒን 7.5 ሚሊግራም ነው፣ ለ900 ግራም እንስሳ ግን በአንድ ጊዜ የሚሰጠው 1 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ምግብ ካቆመች ወይም ውሃ ካነሳት ማስታገሻው ኩላሊቷን ሊጎዳ ይችላል፣ ከመስጠትሽ በፊት ለሐኪሟ ደውዪ። ረጅም ጊዜ የምትወስድ ከሆነ አልፎ አልፎ ደሟ ይታይ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ወሎዬ

እኔ ግሉኮሳሚን ልጨምር። የእኔዋ ይሄው ሕመም ነበራት፣ አርጅታ እስክትሞት አብራው ኖራለች። ግሉኮሳሚን ከጀመርንላት በኋላ ጩኸቱ ቀነሰ። የፊኛውን ውስጠኛ ሽፋን ይጠግናል ይላሉ። ለመገጣጠሚያ ሰው የሚወስደው ነው።

ዶ/ር_ቃሉ

አልከለክልም፣ ግን ላረጋግጥላችሁም አልችልም። ድመቶች ላይ መድኃኒት ከሌለበት የውሸት ኪኒን ጋር ተነጻጽሮ ሲሞከር የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ሁለቱም ወገን ድመቶች እየተሻላቸው ሄዱ። እንግዲህ ከላይ ያልኩትን አስታውሱ፣ የሚበርድ ነገር ራሱ ይበርዳል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ወሎዬ

ዶክተር እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምናገረው። ቀን አቋርጠን እናውቃለን፣ ተመልሶ ይነሳባት ነበር።

ዶ/ር_ቃሉ

ይሆናል። ጉዳት የለውም፣ ዋጋው ካልከበደ ይሞከር። ሐኪሟ ልኩን ለባለቤቷ ትንገራት። እኔ በደሴ ገበያ ተፈልጎ ከሚገዛው ግሉኮሳሚን በዚያው ብር ጥሩ ድርቆሽ ይገዛ ባይ ነኝ፣ ይሄ የእኔ ሐሳብ ነው።

አባ_ድርቆሽ

ዶክተር ዕድሜ ይስጥልኝ።

የጦሳ_ጉም

😄 ገባኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ ቫይታሚን ሲ እንዴት ልስጣት? ክሊኒኩ ስጫት ብሎኛል፣ የ500 ኪኒን ነው ያለኝ። ውሃዋ ውስጥ ላሟሟው? ሁለተኛ፣ የቧንቧ ውሃችን ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ነገር ይተዋል። ካልሲየም ከሆነ ለእሷም መጥፎ አይደለም?

ዶ/ር_ቃሉ

ውሃ ውስጥ አታሟሚ። ቫይታሚን ሲ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበላሻል፣ ጣዕሙንም ይቀይረዋል። ጣዕሙ ከተቀየረ ትንሽ ትጠጣለች፣ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ብዙ እንድትጠጣ ነው። ጤነኛ ጊኒ ፒግ በኪሎ ክብደት በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ይበቃዋል፣ ስትታመም እስከ 50። 500ው ኪኒን ለእሷ ተራራ ነው። በቃሪያው ብታገኘው ይሻላል። 100 ግራም ትልቁ አረንጓዴ ቃሪያ ውስጥ 80 ሚሊግራም አካባቢ አለ፣ ቀዩ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ጥቂት ቁራጭ በየቀኑ ይበቃታል። ዘይቱን (ጓቫ) ደግሞ ቫይታሚን ሲው እጅግ ብዙ ነው፣ ግን ስኳር አለው፣ አልፎ አልፎ ቁራሽ ይሁን።

ስለ ማንቆርቆሪያው ብዙ አትጨነቂ። ከውሃው የምታገኘው ካልሲየም ከአልፋልፋው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ማጣሪያ ካለሽ አጣሪላት፣ ከሌለሽ ያንኑ ትጠጣ። ጠርሙስ ብቻ ሳይሆን ከበድ ያለ ሳህንም አስቀምጪላት፣ ብዙዎቹ ከሳህን ሲሆን የበለጠ ይጠጣሉ።

ራያ_ቆቦ

ዶክተር እኔ ጊኒ ፒግ የለኝም፣ ግን እየተማርኩ ነው። ብርድስ አያስነሳባትም? ደሴ በኅዳር በታኅሣሥ ማታ አጥንት ይሰብራል።

ዶ/ር_ቃሉ

ጥሩ ነጥብ ነው። የዘራቸው አገር የደቡብ አሜሪካው የአንዲስ ተራራ ነው፣ ደጋ አያስፈራቸውም። የሚመቻቸው ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ነው። ከሙቀት ይልቅ ብርድን ይችላሉ፣ 30 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በሙቀት ሊሞቱ ይችላሉ። ስለዚህ ባቲ ያለው ወንድማችን ነው ይበልጥ መጠንቀቅ ያለበት፣ ጥላና ቀዝቃዛ ድንጋይ ይስጣቸው።

የደሴዋ ደግሞ ሲሚንቶ ወለል ላይ አትተኛ። ከወለሉ ከፍ ያለ፣ ነፋስ የማይገባበት፣ መደበቂያ ያለው። ሰጋቱራ ካነጠፍሽ አቧራውን ነፍተሽ፣ ሳይረጥብ ቀይሪው። የሽንት ሽታ አፍንጫሽን ከነካው ለእሷ ቆይቶባታል። ያነጠፍሽው ግን ነጭ ጨርቅ ከሆነ ለዚህ ሕመም ይሻላል፣ የሽንቷን ቀለም ያሳይሻል። ሽንት ጨርቅ ላይ ቆይቶ ሲደርቅ ብርቱካንማ ወይም ቡናማ ሊሆን ይችላል፣ ያ ደም አይደለም። ትኩሱን ነው የምታዪው። ካጠራጠረሽ የሰው የሽንት ስትሪፕ (መመርመሪያ ወረቀት) ደሙን ይለይልሻል፣ ፒኤቹን ዝለዪው።

ጭንቀትም ያስነሳል። ቤት መቀየር፣ ውሻ፣ የሠርግ እንግዳ፣ ከእህቷ መለየት። ታመመች ብለሽ ለብቻ አታስቀምጫት፣ አይተላለፍም።

የጦሳ_ጉም

እውነትም መጀመሪያ የተነሳባት ቤት በቀየርን ሰሞን ነው። አላያያዝኩትም ነበር።

ዶ/ር_ቃሉ

ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። አንድ ደብተር ያዢ። ሲጮኽባት፣ ደም ሲታይ፣ ያን ሰሞን ምን እንደተቀየረ ጻፊ። ከደብተሩ በላይ ግን ሚዛን ነው። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል፣ ሳህን ላይ አስቀምጪና በሳምንት አንዴ፣ ሕመሙ ሲነሳ በየቀኑ መዝኚ። እነዚህ እንስሳት ሕመም ይደብቃሉ፣ ሚዛን ግን አይዋሽም። 50 ግራም ከወረደች ንቂ። 100 ከወረደች ደውዪ። አንድ ሙሉ ቀን ካልበላች ደግሞ አንጀቷ ይቆማል፣ ያኔ ከፊኛው ይልቅ እሱ ነው የሚገድላት። የታሸ ድርቆሽና ሰላጣ በውሃ አላልተሽ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በጉንጯ በኩል ጠብ ጠብ እያደረግሽ አብያት፣ ወዲያው ወደ ሐኪም።

ወልድያ_መሀል

ድመቱ ተከፍቶለት ሽንቱ ወጥቷል። ሐኪሙ «ትንሽ ብትቆይ አታገኘውም ነበር» አለኝ። ዶክተር አላህ ይስጥልኝ።

ዶ/ር_ቃሉ

አልሐምዱሊላህ። ተመልሶ ሊዘጋበት ይችላል፣ የሚቀጥሉትን ቀናት አትዘናጋ።

የጦሳ_ጉም

ትንሽ ቆይቼ ነው የምጽፈው፣ የሆነ ነገር ልይ ብዬ ነበር።

አልፋልፋው ቀርቷል። ጎረቤቴ ትንሽ ተቀይሞ ነበር፣ ላሞቹ ግን አልተቀየሙም። ድርቆሹ ከአባ ድርቆሽ ነው፣ ሁለቱም ሌት ተቀን እሱን ነው የሚያኝኩት። ሰላጣ በውሃው፣ ቃሪያ ጠዋት ጠዋት።

ሕመሙ ጠፋ አልልም። አንዴ ተነስቶባታል፣ አክስቴ ከነልጆቿ መጥተው በሰነበቱ ጊዜ። ደም ግን አልነበረም። ሜሎክሲካሙን እንደታዘዘው ሰጠኋት፣ መደበቂያዋን ወደ ጓዳ አዞርኩት፣ ክብደቷ ብዙም ሳይወርድ አለፈ። አንቲባዮቲክ አልነካንም። ግሉኮሳሚኑን አልጀመርኩም፣ እህቴ እንዳትቀየሚኝ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ወሎዬ

አልቀየምም። ሰው ሲመጣ ልልክልሽ እችላለሁ፣ ከፈለግሽ በኋላ ንገሪኝ። ከተነሳባት በኋላ ካልቸር ይደገም ወይ የሚለውን ዶክተር ይመልሱልን፣ እኔን ሁሌ ግራ የሚያጋባኝ ይሄ ነው።

ዶ/ር_ቃሉ

በተነሳ ቁጥር አይደገምም። የሚደገመው መልኩ ሲቀየር ነው፦ ደሙ ሲበዛ፣ ሽንቱ ሲገማ፣ ማስታገሻው እንደ ወትሮው ሳይሠራ ሲቀር፣ ክብደት ሲወርድ። ያኔ «የለመድነው ነው» ብላችሁ አትቀመጡ። ራጁም ይደገም፣ አምና ያልነበረ ጠጠር ዘንድሮ ሊኖር ይችላል።

ባቲ_ልጅ

እኔም መኖውን አቆምኩ። ድርቆሽ ባቲ ድረስ ይመጣል?

አባ_ድርቆሽ

ባቲ ድረስ ለሁለት አይጥ አልመጣም ወንድሜ። ለባቲ የሰኞ ገበያ የሚወርድ መኪና ላይ ሁለት እስር እጭንልሃለሁ፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ላይ የሚቀበልህ ሰው ካለ ደግሞ ይቀልላል። ስልክህን በውስጥ መስመር ላክ። ደረቅ ቦታ ከመሬት ከፍ አድርገህ አስቀምጠው፣ በላስቲክ አትጠቅልለው፣ ይታፈናል።

ባቲ_ልጅ

አይጥ አይደሉም ግን።

አባ_ድርቆሽ

እሺ ጌቶች ናቸው። ስልክህን ላክ።